ጥርሱ ስለዳነልን ምስጋና ስለማቅረብ

ለተከበሩ የጥርስ ሕክምና ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለቤተሰብዎ ጤና፣ ሰላምና የማይቋረጥ እንቅልፍ እመኛለሁ። ምግብዎንም ያለ ሥጋት በሁለቱም በኩል እንደሚያኝኩ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ በክፍልዎ ይታከም የነበረው የአውቶቡስ ሹፌር ሚስት ነኝ፤ የሥራ ባልደረቦቹ “ቀስ በል” የሚሉት፣ በሥራ ዘመኑ አንድ ተሳፋሪ እንኳ አስደንግጦ የማያውቀው ሰውዬ። ደብዳቤውን በአደባባይ መጻፌ ምስጋናን አፍኖ መያዝ ነውር መስሎ ስለታየኝ ነው።

ነገሩን ላስታውስዎ። የባለቤቴ የታችኛው መንጋጋ ጥርስ እስከ ሥሩ ተመርዞ መቆሚያ መቀመጫ ሲያሳጣው ወደ እናንተ ይዤው መጣሁ። ያየችው ሐኪም፣ እጇ ይባረክ፣ ጥርሱን ከላይ ከፍታ የሞተውን ነርቭ አወጣች፤ መድኃኒት ጨምራ ለጊዜው ደፈነችውና ሥሩ ሲጸዳ ለዘለቄታው እዘጋዋለሁ ብላ ቀጠረችው። በቀጠሮው ስንመጣ ለሥልጠና ሄዳለች ተባልን። ከዚያ ወዲያ ለተደረገልን መስተንግዶ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ. በክፍልዎ የተጀመረን ጥርስ የጀመረው ሐኪም ብቻ ይጨርሰው የሚል ደንብ መኖሩን በዚያ ቀን ተረዳሁ። ሌሎቹ ሐኪሞች እዚያው ነበሩ፤ አንዱ መስኮቱ አጠገብ ጋዜጣ ያነብ ነበር። ባለቤቴ ጉንጩን ይዞ ቢለምናቸው የሰው ሥራ አንነካም ብለው በፈገግታ ሸኙት። እንዲህ ያለ ይሉኝታ በዚህ ዘመን መገኘቱ እጅግ ደስ የሚያሰኝ ነው፤ የጎረቤት ድስት ሲያር እያዩ ክዳኑን ለማንሳት የሚያፍሩ ጨዋ ሰዎችን ሰብስበዋል።

፪ኛ. ጊዜያዊው ድፋን ወልቆ ከአገጩ ሥር ማበጥ ሲጀምር ተመልሰን መጣን፤ መዝጋት ካልተቻለ እንኳ ንቀሉለትና ይረፍ ብዬ እግራችሁ ላይ ልወድቅ ምንም አልቀረኝም። ነርሷ ካርዱን አገላብጣ፣ ይድናል ተብሎ የተመዘገበ ጥርስ አይነቀልም አለችን። በኮሪደሩ ግድግዳ ላይ “ሳንነቅል እናድናለን” የሚለውን ትልቅ ጽሑፍም በጣቷ አሳየችን። ያን ጊዜ ነው እርስዎ ራስዎ ከቢሮዎ ወጥተው፣ አፉን በባትሪ አይተው፣ እንዲህ ያለ ጥሩ ጥርስ አውጥቶ መጣል ኃጢአት ነው ያሉት። ትከሻውንም መታ መታ አደረጉለት። እሱ ሰው ማስቸገር የሚያሳፍረው ፍጡር ነውና በዚያ እብጠቱ ግማሽ በቆለፈው አፉ አመሰገነዎት። መንገድ ላይ እኔ ስነጫነጭ፣ ዝም በይ እንጂ፣ ትልቁ ሐኪም እኮ ነው ያየኝ ብሎ ተቆጣኝ። ደስ ብሎት ነበር።

፫ኛ. እብጠቱ ወደ አንገቱ ወረደ። ምራቁን መዋጥ አቃተው፣ ድምፁ ጠፋ፣ ወደ ሌላ ሆስፒታል ይዘነው ስንበር መኪና ውስጥ ትንፋሹ ቆመ። የዚያ ቤት ሐኪሞች የጥርሱ መርዝ ጉሮሮውን ዘጋው አሉን። ለዚህኛው የምስጋና ቃል ስላጣሁ ይለፉኝ።

፬ኛ. ከቀብሩ በኋላም ክፍልዎ ከቤታችን አልወጣም። ሕመሙን ለማስታገስ ይቀባው የነበረው የቅርንፉድ ዘይት ትራሱ ውስጥ ገብቷል፤ ሳጥበው ይጠፋል፣ ሲደርቅ ይመለሳል። ጥርሱን ሲነዝረው አየር ወደ ውስጥ ይስብ ነበር፤ ያችን ድምፅ ወጥ ቤት ቆሜ ከጀርባዬ እሰማታለሁ፤ ስዞር ሰው የለም፤ አሁን አሁን መዞሩንም ትቼዋለሁ። የእኔ ጥርስ አንድም አልታመመም፣ ግን እሱን ያመው በነበረው በኩል ማኘክ አልችልም። እብደት ነው ካሉኝ አልከራከርዎትም።

ይህ ሁሉ የእኔ ጣጣ ነበር፣ ልጃችን ባትኖር። ሰሞኑን ጉንጯን በመዳፏ ደግፋ ትቀመጥና ሳያት እጇን ታወርዳለች። አፍሽን ክፈቺ ስላት ምንም የለም ትላለች። ባለፈው በግድ ለማየት ስሞክር ታግለን ታግለን ሁለታችንም አለቀስን። አባቷን ወደወሰድኩበት እንዳልወስዳት ፈርታ ነው፤ እኔም የምፈራው ያንኑ ነው። ከእናንተ ሌላ ደግሞ በአቅማችን የምንደርስበት የጥርስ ሐኪም የለም። ስለዚህ ክቡርነትዎን የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያንን ደንብ ይሰርዙልኝ። የተከፈተን ጥርስ በሥራ ላይ ያለ ማንኛውም ሐኪም ይዝጋው፤ መዝጋት ካልቻለ ይንቀለው። ልጄን በእጄ ይዤ እንድመጣ ይህ ይበቃኛል።

ቃልዎን ስለመጠበቅዎ ግን ሳልመሰክር አላልፍም። ጥርሱ አልተነቀለም። ከነሥሩ፣ በቦታው እንዳለ፣ ከባለቤቴ ጋር ተቀብሯል። ካዳናችኋቸው ጥርሶች ጋር ተቆጥሮ እንዲመዘገብልን በአክብሮት አመለክታለሁ።

ለመዋጥም ለመተንፈስም የማይቸገሩበት ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁልዎ፣ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳ፣
የዳነው ጥርስ ባለቤት የነበረው ሰው ሚስት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ልፈርም ስል ከእንግዳ መቀበያዎ ተደወለልኝ። አንዲት ድምፀ ለስላሳ ልጅ፣ ሐኪሟ ከሥልጠና ተመልሳለች፣ የባለቤትዎ ተራ ስለደረሰ ሰኞ ጠዋት ቁርስ በልተው ይምጡ አለችኝ። ሞቷል ማለት አቃተኝ፤ ተራውን ለሌላ ስጡት አልኳት። እሷም በትሕትና፣ የተጀመረ ጥርስ ተራ ለሌላ እንደማይተላለፍ፣ ለመሰረዝም ባለጉዳዩ ራሳቸው በአካል መቅረብ እንዳለባቸው አስረዳችኝ። ስለዚህ ቀጠሮው እንደጸና ነው። በዕለቱ ባለቤቴ የቢሮዎን በር ሲያንኳኳ ሌላ ሰው እንዳይልኩበት፤ እርስዎ ራስዎ ይክፈቱለት።