በሐምሌ የለበስሽው ካፖርት

ውድ ሮሐ፣

«ውድ» ማለቴን እንደ ፍቅር እንዳትቆጥሪው። ደብዳቤ በሌላ ቃል መጀመር ስለማላውቅበት ነው። ስልክሽን ባልሽ ሲራክ ነው የሚያነሳው፤ ቴክስት ባደርግልሽም ቀድሞ የሚያነበው እሱ ነው። ስለዚህ በወረቀት ጽፌ የሁለታችንም ቤት ለሚገቡት ለእትዬ ፋንታዬ ሰጠኋቸው፤ ከእጅሽ ውጪ የትም እንዳያስቀምጡት አደራ ብያቸዋለሁ። ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው። ብትናደጂም እስከ መጨረሻው አንብቢው።

እሑድ የልጅሽ ክርስትና ላይ ሳልጠራ መጣሁ። አይተሽኝ ፊትሽን አዞርሽ። ልመርቅ አልነበረም የመጣሁት። የኔ ሊሆን ይችል የነበረውን ነገር አንድ በአንድ ላየው ነው። ሲራክ እጮኛዬ በነበረበት ጊዜ ስፕሪንግ ቫሊ ሰፈር ውስጥ እንከራያለን ብለን ያለምነው እንዳሁኑ ቤታችሁ ያለ ቤት ነበር፤ ጋራዥ ያለው፣ ከኋላ ትንሽ ጓሮ ያለው። መጋረጃውን ሳይቀር ገልጬ አየሁ። ሲራክ ጡጦ ያዘጋጅ ነበር። ሙቀቱን ሊለካ ክንዱ ላይ ጠብ ሲያደርግ ሳይ ጥርሴን ነከስኩ። ቅናት ነው፤ ስሙን አልቀይረውም። ልጅሽን ዕንቁን ማንም ሳይሰጠኝ ከአልጋዋ አንስቼ ታቀፍኳት። ያንቺን አፍንጫ ይዛለች። የሱን ብትይዝ ይሻለኝ ነበር ወይስ ይብስብኝ ነበር? አላውቅም።

አንድ ቤት ስንኖር የሆነውን ሁለታችንም እናውቀዋለን፤ ግን አንድም ቀን አፍ አውጥተን አልተነጋገርንበትም። ዲቪ ደርሶኝ ከደሴ አሜሪካ መጥቼ ካንቺ ጋር አፓርታማ በተጋራሁ ሰሞን ከጡቴ ወተት መፍሰስ ጀመረ። የወር አበባዬም ከቀረ ቆይቶ ነበር። ነፍሰ ጡር አልነበርኩም፤ ወልጄም አላውቅም። ላንቺ ብቻ ነገርኩሽ። የምሠራበት ካዚኖ የጤና ኢንሹራንስ እስኪጀምርልኝ ልጠብቅ ስልሽ፣ ይሻላል አልሽ። ከዚያ ሄደሽ ሲራክን አንድ ነገር ጠየቅሽው።

«ልጇን አገር ቤት ማን ይዞላት ይሆን?»

ጎበዝ ነሽ። አልዋሸሽም፤ ጠየቅሽ ብቻ። ዲቪ ሲሞላ አልወለድኩም ብሎ፣ ልጁን ለእናቱ ትቶ የመጣ ሰው የማያውቅ ሐበሻ በዚህ ከተማ የለም። ሲራክም ያንኑ አሰበ። አልጮኸብኝም፤ ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። እጄን ይዞ «ስሙን ብቻ ንገሪኝ፤ እናመጣዋለን» አለኝ። የሌለ ልጅ ስም ጠየቀኝ። ሳቄ መጣ። በሳቄ ተናደደ።

«ታዲያ ወተቱ ከየት ይመጣል?»

ሮሐ፣ እኔ ደሴ ውስጥ የባዮሎጂ አስተማሪ ነበርኩ። እኔም ራሴን የምጠይቀው ያንኑ ነበር።

ሽማግሌ የሚላክበት ቀን ተቆርጦ ነበር፤ ቀረ። ጥያቄሽም ከሲራክ አልፎ ከተማውን አዳረሰው። እስከ ዛሬ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ አገጫቸውን ይዘው «ልጅሽ ደህና ነው?» የሚሉኝ አሉ። ብዙም ሳይቆይ ሲራክና አንቺን ከከተማ ወጣ ብላችሁ ቦልደር ሲቲ ውስጥ አይስክሬም ስትበሉ ያየ ሰው ነገረኝ። እኔን አንድም ቀን ቦልደር ሲቲ ወስዶኝ አያውቅም፤ ቤንዚን ይፈጃል ይለኝ ነበር። ሳቂብኝ፤ ከሠርጋችሁ ይልቅ የሚያንገበግበኝ ያ አይስክሬም ነው።

ከዚያ ራስ ምታቱ መጣ። ፊት ለፊት ያለው ይታየኛል፤ ግራና ቀኙ ጠፋኝ። ፓርክ ሳደርግ መኪናዬን በሁለቱም ጎኗ ከግንብ አጋጨኋት። በመጨረሻ ራሴን በኤምአርአይ ሲያነሱኝ ፒቱታሪ የምትባለው ዕጢ ላይ የወይን ፍሬ የሚያህል እብጠት ተገኘ። ካንሰር አይደለም። ዕጢዋ ራሷ አተር ታህላለች፤ ከአንጎል ሥር፣ ከአፍንጫ ኋላ ተደብቃ ነው የምትኖረው። ለተማሪዎቼ «የዕጢዎች ሁሉ አለቃ» እያልኩ ጥቁር ሰሌዳ ላይ የሣልኳት እኔው ነኝ። እድገቱን፣ የወር አበባውን፣ ወተቱን፣ የሰውነትን ሙቀትና ጉልበት ሳይቀር የምታዘው እሷ ናት። የኔው እብጠት ወተት የሚያዘውን ሆርሞን ያለ ልክ ሲለቅ ኖሯል፤ የዓይኔንም ነርቭ እየተጫነ ሊያሳውረኝ ነበር። በሳምንት ሁለቴ የምውጠው ኪኒን ወተቱን አደረቀው፤ እብጠቱም ሟሸሸ። ይህን እንዲነግሩሽ እትዬ ፋንታዬን ላክሁብሽ። «እግዚአብሔር ይማራት» አልሽ አሉኝ። በቃ፣ ያ ነበር መልስሽ።

አሁን ወደ እሑድ ልመለስ፤ የምጽፍልሽ ለሱ ነው።

የዚህ የበረሃ ከተማ ሐምሌ ነው፤ ውጪው አስፋልት የሚያቀልጥ ፀሐይ። እንግዳው ሁሉ ኤሲው ሥር ተሻምቶ ተቀምጧል። አንቺ የክረምት ካፖርት ለብሰሽ ትንቀጠቀጫለሽ። ቀልደኛው ኤፊ «ሮሐ አላስካ ሄዳ ነው እንዴ የወለደችው?» ብሎ ሰዉን አሳቀ። ፊትሽ ደም የለውም፤ ቃል ከአፍሽ የሚወጣው በግድ ነው። አማትሽ ወይዘሮ ጽጌወይን ሁሉም እንዲሰማ «የዛሬ ልጆች ጡታቸው እንዳይወድቅ ይሳሳሉ እንጂ ወተት ጠፍቶ ነው?» አሉ። ካፖርትሽን ሰብስበሽ ያዝሽ። ወጥ ቤት ውስጥ ግን እትዬ ፋንታዬ በሹክሹክታ አጫወቱኝ፤ ስትወልጂ ያ ሁሉ ደም እንደፈሰሰሽ፣ ራስሽን ስተሽ ደም በደም ላይ እንደተሰጠሽ፣ ከዚያ ወዲህ አንዲት ጠብታ ወተት እንዳልመጣልሽ። ለፎቶ ስትቆሚ ደግሞ ወደቅሽ። ድካም ነው፣ እንቅልፍ ማጣት ነው ተባባሉና ጁስ አጠጡሽ።

እኔ ገባኝ። መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው። ሳልወልድ ወተት ስለፈሰሰኝ ልጅ ደበቀች ያልሽኝ አንቺ፣ ወልደሽ ወተት አጣሽ። ጆሮሽ ሥር ጎንበስ ብዬ «ወተትሽን ማን ይዞልሽ ነው?» ልልሽ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። መኪናዬ ውስጥ ገብቼም ዝም ብል ምን እንደሚመጣ አሰብኩ። ሲራክ ልጅ ታቅፎ ብቻውን ሲቀር እስከማየት ሄድኩ። አዎ፣ እስከዚያ ድረስ።

አሁን በደንብ ስሚኝ። ሴት ስታረግዝ ይህች ዕጢ ትተልቃለች፤ ከወትሮው የበለጠ ደም ትፈልጋለች። በወሊድ ጊዜ ብዙ ደም ከፈሰሰ ለሷ የሚደርሳት ያጥርና ትጎዳለች፤ ልትሞትም ትችላለች። ከመጀመሪያዎቹ ምልክቶች አንዱ ወተት አለመምጣቱ ነው። ከዚያ ብርዱ፣ ድካሙ፣ የግፊት መውረዱ፣ መውደቁ ይከተላል። አማትሽ የሚሉት ዓይነት ነገር አይደለም፤ ስንፍናም አይደለም። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ልሳሳት እችላለሁ። በደም ምርመራ ይለያል። ሆኖ ከተገኘ መድኃኒት አለው፤ የጎደለሽን ሆርሞን በኪኒን ይተኩልሻል። ሳይታወቅ ከቆየ ግን ተራ ጉንፋን እንኳ ሊገድልሽ ይችላል። ሐኪም ፊት ስትቀርቢ «ደከመኝ» ብቻ ብለሽ እንዳትወጪ፤ የወለደች ሴት ሁሉ ትደክማለች ብለው ይሸኙሻል። «ስወልድ ብዙ ደም ፈሰሰኝ፣ ወተት ጨርሶ አልመጣም፣ በዚህ ሙቀት ይበርደኛል፣ እወድቃለሁ፤ ፒቱታሪዬን ቼክ አድርጉልኝ» በያቸው። ዛሬ ቢያስመልስሽ ወይም ደግመሽ ብትወድቂ እኔን አትጠብቂ፤ 911 ደውዪ።

ካልሆነ ነገ ጠዋት ሐኪም ቤት ልወስድሽ ደጃፍሽ ላይ ነኝ፤ ሺፍቴን ቀይሬያለሁ። ሲራክ ማን ነው የሚወስድሽ ቢል ስሜን ንገሪው። ወይዘሮ ጽጌወይን አጥሚት እንሥራላት ካሉ ይሥሩ፤ አንቺ ግን መኪናዬ ውስጥ ትገቢያለሽ። ካልወጣሽ ገብቼ አወጣሻለሁ።

ይቅር አለችኝ ብለሽ እንዳትሳሳቺ። ስትድኚ እነዚያን ደህና ነው ወይ የሚሉኝን ሴቶች ፊት ለፊታቸው ቆመሽ «ልጅ የላትም፤ ያወራሁት እኔ ነኝ» ትያቸዋለሽ። የመንገዱ ዋጋ አይደለም፤ ብትይም ባትይም እወስድሻለሁ። ግን ትያለሽ።

አሁንም እቀናብሻለሁ። ነገር ግን የታመመች ሴት ላይ መቅናት አልሆንልሽ አለኝ፤ ያሳፍራል። ጉንጭሽ ቀልቶ፣ ድምፅሽ ተመልሶ፣ በእግርሽ ቆመሽ እንድትመልሺልኝ እፈልጋለሁ። ያኔ እስኪወጣልኝ እጣላሻለሁ።

ዕንቁንም ይዘሻት ውጪ፤ ለአማትሽ አትተያት። ከጓደኛዬ ከእናትነሽ የሕፃን ወንበር ተውሼ ከመኪናዬ ኋላ አስሬያለሁ። ዛሬ ሥራ ቦታ ፓርኪንጉ ውስጥ ሁለት የኛ ሰዎች በመስኮት አጎንብሰው አይተውት፣ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ደህና ዋላችሁ ብያቸው አለፍኩ።

ጓደኛሽ የነበረችው
ብርቅታይት