ሳቁ ያለበት ሸክላ

ሰኞ፣ የካቲት 16

ሁዳዴ ከገባ ሳምንት አለፈው። እኔ ደግሞ በየጠዋቱ የአሳማ ሥጋ እጠብሳለሁ። ጓንት አድርጌ፣ ማስክ አድርጌ፣ መስኮት ከፍቼ… ሽታው ግን ፀጉሬ ውስጥ ገብቶ አብሮኝ አውቶቡስ ይሳፈራል። ዛሬ አጠገቤ የተቀመጠች ሴትዮ ተነስታ ሌላ ወንበር ሄደች። እኔም ብሆን እነሳ ነበር።

ሚስተር ፔቲት ዘጠና አንድ ዓመቱ ነው። ክሬንሾው ሰፈር ያለው ቤቱ እየተመላለስኩ እሱን መንከባከብ ከጀመርኩ ስምንት ወር ሆነኝ። አጥበዋለሁ፣ አለብሰዋለሁ፣ የአሳማውን ጥብስ አበላዋለሁ። ትንባሆ እያኘከ የሚተፋበትን የቡና ቆርቆሮ እደፋለሁ። ቆርቆሮው! ክዳኑን ስከፍት ዛሬም ፊቴን አዞርኩ። አገር ቤት ቢሆን አንቱ የምለው ሽማግሌ ነበር። በእንግሊዝኛ ሁሉም ዩ ስለሆነ ተገላገልኩ፤ እዚህ ደብተር ላይም እሱ ነው። ሣህሊቱ ማለት አቅቶት ሳሊ ይለኛል፣ እኔ አንቱ ብለው ምን ይጨምርልኛል?

ከሁሉ የሚያንገሸግሸኝ ግን ሸክላው ነው። ልብሱን አውልቄ ወደ ሻወር ልወስደው ስል፣ "ሳሊ፣ ሁለተኛውን ፊት።" በየቀኑ! ስምንት ወር ሙሉ! ገልብጬ መርፌውን አስቀምጣለሁ። የኤሌክትሪክ ጊታር ብቻ ነው፣ ዘፋኝ የለውም። የድመት ጅራት የረገጡ ይመስል ይጮኻል፣ ዝም ይላል፣ ደግሞ ይጮኻል። መሃል ላይ አንዱ ክር ይበጠሳል… ጧ! አንድ ሰው ይስቃል። ጊታሩ ግን አያቆምም፤ በቀሩት አምስት ክሮች ይጨርሳል።

"ሰማሽው? የሚስቀው እኔ ነኝ።"

ሰማሁ። ትናንትም ሰማሁ። ጾም ነው እኮ፣ ዘፈን የማልሰማበት ጊዜ… ለማን ይነገራል?

ረቡዕ፣ የካቲት 18

ዛሬ ደስ ብሎታል። ጥርሱን ራሱ አስገባ። የሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ ከበርባንክ ክሬግ የሚባል ሰው ሊመጣ ነው። የድሮ ሸክላ ሰብሳቢ ነው፤ መጽሐፍም ያዘጋጃል… ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በወጡት የብሉዝ ሙዚቃ ሸክላዎች ላይ ማን ጊታር እንደተጫወተ የሚዘረዝር።

ፀጉሩን ስቆርጥለት አወራኝ። ልጅ ሆኖ ነው ከቴክሳስ የመጣው። በዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ቀን የአውሮፕላን ፋብሪካ ወለል ይጠርጋል፣ ማታ ሴንትራል አቬኑ ባሉት ጭፈራ ቤቶች ጊታር ይጫወታል። ያን ሸክላ ያስቀረፁት አንድ ጋራዥ ውስጥ ነው። የጊታሩን ድምፅ ማጉያ፣ አምፕሊፋየሩን፣ እስከ ጥግ ከፈተው።

"የሚቀርፀው ሰውዬ ቀንስ አለኝ። ጨመርኩት። ድምፁ እንዲቀደድ ነበር የምፈልገው፣ ገባሽ? እንዲቀደድ!"

አልገባኝም። የተቀደደ ነገር ምኑ ደስ ይላል?

ሸክላው መሃል የተለጠፈው ወረቀት ላይ ያለው የዘፋኙ ስም ብቻ ነው… በመጀመሪያው ፊት የሚዘፍነው ሰውዬ። ሸክላውን ያወጣው ድርጅትም ወዲያው ተዘጋ። እስከሚታወቀው ድረስ የቀረው ሸክላ ይሄ አንዱ ብቻ ነው። በክሬግ መጽሐፍ የድሮ እትም ደግሞ ጊታሪስት ተብሎ የሌላ ሰው ስም ገብቷል።

"ሰባ ዓመት ሙሉ የሌላ ሰው ጣት ተብሎ ኖረ" አለኝ እጁን እያየ። "ክሬግ አንዴ ይስማው። በስልክ ስናወራ ስስቅ ሰምቶኛል። ያቺን ሳቅ ከሰማ ያውቀኛል። ሌላ ምንም አልፈልግም፣ ሳሊ።"

የጆሮውን ፀጉር እየቆረጥኩ ነበር… ኡፍ።

ዓርብ፣ የካቲት 20

መደርደሪያውን አስወረደኝ። የጓደኞቹ ሸክላዎች ናቸው፤ በኋላ የወጡ፣ ትልልቅ የፕላስቲክ። በየሽፋኑ ጊታር ያቀፈ ሰው። "ይሄኛው ረጅም ሽቦ ነበረው፣ እየተጫወተ በር ከፍቶ መንገድ ላይ ይወጣ ነበር። ይሄኛው ሰካራም፣ ግን አንድ ክር ነክቶ ሴት ያስለቅስ ነበር። ይሄኛው ሌባ፤ የእኔን ጨዋታ ሰርቆ ሞተ።" ሁሉም ሞተዋል። ሁሉም ሽፋን ትንባሆ ትንባሆ ይላል። ስመለስ እጄን ሦስት ጊዜ ታጠብኩ።

እሑድ፣ የካቲት 22

ውርደት! ቅዳሴ ላይ ቆሜ… እግሬ ወለሉን ሲመታ ያዝኩት። በዚያ ጊታር ምት! አጠገቤ ያሉት እናት ቁልቁል ካልሲዬን አዩ። መሬት ብትከፈት እገባ ነበር።

ጥፋቱ የጆሮዬ ነው። ልጅ ሆኜ ሰንበት ትምህርት ቤት፣ መዝሙር ሁለቴ ከሰማሁ አይጠፋኝም ነበር። ያኔ ያስመሰገነኝ ጆሮ አሁን ይሄን ቆሻሻ ለቀመልኝ። ጆሮ እንዴት ነው የሚታጠበው?

ማክሰኞ፣ የካቲት 24

ቅዳሜ እንግዳ ይመጣል፣ ቤቱ ደግሞ ጉድ ነው። ሰው ገብቶ ቢያይ የሚያማው ሽማግሌውን አይደለም፣ እኔን ነው። "ሴት እያለች?" ነው የሚለው። ስለዚህ እሱን አስተኛሁና ተነሳሁበት። ሁለት ጠርሙስ የማጽጃ አልኮል ጨረስኩ። የበሩን እጀታ፣ ሪሞቱን፣ ዊልቸሩን፣ የጊታሩን ሳጥን፣ የሸክላ መደርደሪያውን… ሁሉም ላይ የትንባሆ ቢጫ አለ። ጣት ያጣብቃል።

መጨረሻ ላይ ያንን ሸክላ አወጣሁ። የስንት ዓመት እጅ ነክቶታል! አልኮል ረጭቼ በጨርቅ ጠረግኩት። ጨርቁ ጥቁር ሆነ። አላልኩም! ደግሜ ረጨሁ፣ ደግሜ አሸሁ፣ አሁንም ጥቁር። ገልብጬ ሌላውንም ፊት። መሃል ያለውን ወረቀት ብቻ እንዳይረጥብ በመዳፌ ሸፈንኩት። በዚህ ሁሉ እድፍ ላይ ነው ለካ መርፌው ሲሄድ የኖረው…

ንጹሕ ቤት። ደክሞኛል፣ ግን ደስ ብሎኛል።

ረቡዕ፣ የካቲት 25

እግዚኦ።

የሻወር ወንበሩ ላይ ተቀምጦ እንደ ልማዱ፣ "ሁለተኛውን ፊት" አለ። መርፌውን አስቀመጥኩ። ሽሽሽሽ… ዘይት ላይ ሽንኩርት የጣሉ ይመስል። ጊታር የለም። ጧ የለም። ሳቅ የለም። በጥድፊያ አነሳሁት።

"ሳሊ? ምን ሆነ?"

"መርፌው ተሰበረ።"

አፌ ራሱ ነው ያለው። ከዚያ መርፌውን ነቅዬ ኪሴ ከተትኩት፤ ውሸቱን እውነት ላደርገው። እሱ ግን፣ "ግድ የለም፣ ክሬግ የራሱን ማጫወቻ ይዞ ይመጣል" አለኝ።

አውቶቡስ ውስጥ ስልኬ ላይ ፈለግኩ። ፕላስቲኮቹ ምንም አይሆኑም። የዚያ ዘመን ሸክላ ግን አልኮል ሲነካው ይሟሟል ይላል። ጨርቁ ላይ የነበረው ጥቁር እድፍ አልነበረም፣ ሸክላው ራሱ ነበር። እኔ ደግሞ ደስ እያለኝ ነበር የማሸው።

ራሴን ተጸየፍኩት።

ሐሙስ፣ የካቲት 26

ፌርፋክስ ሰፈር፣ ቦሰና የምትሠራበት የሐበሻ ሱቅ ሄጄ ነገርኳት። ክፍል ያከራየችኝም፣ ይሄን ሥራ ያገኘችልኝም እሷ ናት። ሽሮ እየመዘነች ሰማችኝ።

"ሶ? ያየሽ ሰው አለ?"

"የለም።"

"በቃ! ትንፍሽ እንዳትዪ። የቀጠረሽ ኤጀንሲ ከሰማ ፋየር ያደርጉሻል፣ ሌላ ክላየንትም አይሰጡሽም። ሰባ ዓመት የቆየ ዕቃ ተበላሸ፣ ኦኬ? ቅዳሜ ኮል አድርጊና ሲክ ነኝ፣ አሞኛል በያቸው።"

"አንድ ነገር ብቻ ነው እኮ የሚፈልገው፣ ቦሲ። አንድ ሰው እንዲሰማለት።"

"ኧረ ባክሽ ሣህሊዬ! ትፋቱን ስደፋ ሊያስመልሰኝ ነው ስትዪ አልነበር? ዛሬ ማዘኑ ከየት መጣ?"

ሽሮዬን ተቀብዬ ወጣሁ። ከየት መጣ? እንጃ። ማዘንም አይመስለኝም። እጄን ነው የጠላሁት።

ዓርብ፣ የካቲት 27

ልነግረው ሦስት ጊዜ አፌን ከፈትኩ። አንዴ ስላጨው፣ አንዴ ከረባት ስመርጥለት። ሦስተኛው ላይ፣ "ሳሊ፣ ሳቄ ተለውጧል እንዴ?" ብሎ ጠየቀኝ። "ያው ነው" አልኩት።

ቅዳሜ፣ የካቲት 28

ሄድኩ።

ክሬግ ሽቶ ሽቶ ይላል፣ ነጭ የጨርቅ ጓንት አድርጓል። ማጫወቻ አልያዘም! ሚስተር ፔቲት ከረባቱን አስሮ ዊልቸሩ ላይ ቀጥ ብሏል። ቆርቆሮውን "ደብቂው" ያለኝ ራሱ ነው።

ሰውዬው ሸክላውን ከሽፋኑ አወጣ። ኪሴ ውስጥ ያለውን መርፌ ጨበጥኩ። እሱ ግን የሚያየው መሃል ያለውን ወረቀት ነው፤ በአጉሊ መነጽር፣ በባትሪ። "ዋው! ቀለሙ! ጠርዙ እንኳን አልተላጠም!"

"ሁለተኛውን ፊት አጫውተው" አለ ሚስተር ፔቲት።

"እኔ አላጫውታቸውም። መርፌ ይጎዳቸዋል። ፍሬም ውስጥ ነው የማደርጋቸው።"

"ሳቁን ሳትሰማ እንዴት ታውቃለህ?"

"በጣም ቆንጆ እንደሚሆን እርግጠኛ ነኝ፣ ሰር።" ለሕፃን እንደሚሉት! ሚስተር ፔቲት መጽሐፉስ ሲለው፣ አዲሱ እትም ማተሚያ ቤት ገብቷል፣ የድሮው ስም እንዳለ ነው አለ። እንደዋዛ።

የሚያስጠላ ነገር ብዙ አይቻለሁ፤ ሥራዬ ነው። እንደዚያ ነጭ ጓንት ያስጠላኝ ግን የለም።

ዝም ብል ይዞት ይሄድ ነበር። ጥፋቴም አብሮ ግድግዳ ላይ ይሰቀል ነበር፣ በመስታወት ተሸፍኖ፣ ማንም ሳያውቅ። ዝም ልል ነበር… ለምን ይዋሻል? ሚስተር ፔቲት ግን ወደ እኔ ዞረ።

"ሳሊ፣ ንገሪው እስኪ። አንቺ በየቀኑ ትሰሚው የለ?"

"የለም" አልኩ። "ጠፍቷል። በአልኮል ጠረግኩት፣ ሁለቱንም ፊት። መርፌው አልተሰበረም፣ ኪሴ ውስጥ ነው።" አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

ክሬግ ሸክላውን ወደ ብርሃን አዘንብሎ አየና ትከሻውን ነቀነቀ። "ወረቀቱ ግን ምንም አልሆነም። አሁንም እወስደዋለሁ።"

ሚስተር ፔቲት ጣቶቹን አየ። እኔን አላየኝም።

"ይውሰደው" አለ በመጨረሻ። "ወረቀቱ ላይ የእኔ ስም የለም።"

እሑድ፣ የካቲት 29

ቤተ ክርስቲያን አልሄድኩም። እጄ አሁንም አልኮል አልኮል ይሸተኛል።

ረቡዕ፣ መጋቢት 2

ኤጀንሲው አልደወለም። ሚስተር ፔቲት አልነገረብኝም። ቢነግር ይሻለኝ ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ታጠበ፣ ለበሰ፣ በላ፣ ተፋ። "ሁለተኛውን ፊት" የሚል የለም። ስመኘው የነበረ ጸጥታ ይሄው አይደል? ውሃው ብቻ ነው የሚሰማው። ያስጠላል።

ዓርብ፣ መጋቢት 4

ከአልጋው ሥር ያለውን ሳጥን በጣቱ አሳየኝ። ጊታሩን አውጥቼ ጭኑ ላይ አስቀመጥኩለት፣ አምፕሊፋየሩን ሰካሁ። እምምም አለ፤ አቧራው ሲሞቅ የተቃጠለ ሸተተ። ወጥ ቤት ገብቼ ዕቃ ማጠብ ጀመርኩ።

የሚፈልገው ያንን ነው። ሁለተኛውን ፊት። ጣቶቹ ግን እንደ ዝንጅብል ተጣመዋል። ጀመረ፣ ተሳሳተ። ጀመረ፣ ሌላ ቦታ ሄደ። ሸክላው ከሌለ ረስቶታል… ወደ ላይ መውጣት ያለበትን ወደ ታች ያወርደዋል። አንዴ። ሁለቴ። አምስቴ። ሰውነቴን አሳከከኝ። ጥርሴን ነከስኩ። በስምንተኛው አላስቻለኝም፣ እጄ አረፋ እንደሆነ ወጣሁ።

"እንደሱ አይደለም!" ብዬ ጮኽኩ። በአማርኛ!

ምን እንዳልኩ ገብቶታል። ቀና ብሎ አየኝ፣ ከቅዳሜ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ። "ታዲያ እንዴት ነው?"

እና አደረግኩት። በሁዳዴ! ቆሜ፣ በአፌ። ወደ ላይ የሚወጣውን፣ ዝም የሚለውን፣ ተመልሶ የሚጮኸውን። የሚቀደደው ጋ ስደርስ ጉሮሮዬን አሻከርኩት፤ ያለዚያ ልክ አይመጣም። እሱ በጣቱ ይከተለኛል። ሲሳሳት አስቆመዋለሁ፣ እንደገና። እኔ መሪጌታ፣ እሱ ተማሪ። አንድም ቦታ አልጠፋኝም። ስምንት ወር ስጸየፈው የኖርኩት ነገር ሁሉ እዚሁ አለ፣ እንዳለ።

መሃሉ ላይ ስንደርስ "ጧ!" አልኩ።

ሳቀ። ልክ እዚያው ቦታ። ያው ሳቅ፣ ያረጀ ብቻ። ትንባሆው ትን አለውና ሸሚዜ ላይ ረጨብኝ። ኡፍ! ግን አላቆምንም፤ የቀረውን ጨረስነው።

ሰኞ፣ መጋቢት 7

የአሳማው ሽታ ያው ነው። ቆርቆሮውን ስደፋ ዛሬም ፊቴን አዞርኩ። ለንስሐ አባቴ ምን ብዬ እንደምናገር አላውቅም… "በጾም ዘፈንሽ?" ቢሉኝ አዎ ነው። "ምን ዘፈንሽ?" ቢሉኝስ?

የሚስተር ፔቲትን ልብስ አውልቄ የሻወር ወንበሩ ላይ አስቀመጥኳቸው። ውሃው እንዳያቃጥላቸው በክንዴ ለካሁት።

"ሳሊ" አሉኝ፣ "ሁለተኛውን ፊት።"

ቆርቆሮውን መሬት አስቀመጥኩና በአፌ ጀመርኩ።