የአያ ወርቁ የጀርባ ውሃ

እሑድ 16/11፣ ከሰዓት

አሥራ አራት ብልቃጥ ለካሁ። ሁለቱን ደገምኩ። ማሽኑ ዛሬ ደኅና ነው፣ እኔን ግን አንገቴን አሞኛል። ሥራዬን ታውቂያለሽ ማስታወሻዬ። እዚህ እስራኤል፣ ያቭኔ ከተማ ያለው ላብራቶሪያችን ውስጥ ከአእምሮ ሕመምተኞች ጀርባ፣ ከአከርካሪያቸው፣ የተቀዳ ውሃ ይመጣል፤ የአንጎል ኬሚካል ሲፈርስ የሚተወውን ቅሪት እለካለሁ። ስም የለም። ቁጥር፣ ዕድሜ፣ ጾታ፣ የመጣበት ሆስፒታል። በቃ።

እማዬ ደወለች። ወንድሟ አያ ወርቁ ሆስፒታል ከገቡ ሦስት ሳምንታቸው። ሚስታቸው ከሞተች ወዲህ ገዴራ ብቻቸውን ነበሩ። አይበሉም፣ አይናገሩም። አሁን ሐኪሟ ከጀርባቸው ውሃ ልቅዳ ብላለች፣ ለጥናት። ቤተሰቡ ተሸብሯል። ነገሩን የምታውቂው አንቺ ነሽ፣ ሄደሽ አስተርጉሚ አለችኝ።

ጥናቱ የእኛው ነው። አልነገርኳትም።

ማክሰኞ 18/11፣ ኦቶቡስ ውስጥ፣ ከሆስፒታል ወደ ቤት፣ ወደ ቂ.ማ.

ሐኪሟ ወጣት ናት፣ ትሑት። ቀስ ብላ ታስረዳለች፣ እተረጉማለሁ። አያ ወርቁ ግድግዳ ግድግዳውን ያያሉ። ከስተዋል። የሰሙኝም አልመሰለኝ። ድንገት፦

«ድሮ ደም ስጡ አሉን፣ ሰጠን። ደፉት። አሁን ደግሞ የጀርባዬን ውሃ?»

ምን አሉ? አለችኝ ሐኪሟ። ሳልቀንስ ነገርኳት። ፊቷ ቀላ። እኛ ኢትዮጵያውያን የለገስነውን ደም በሽታ ፈርተው በስውር የጣሉበትን ዘመን እሷም ታውቃለች። እውነታቸውን ነው አለች።

እማዬ በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ። ያድንዎታል በያቸው ማለቷ ነው። አልቻልኩም። እርስዎን አያድንም አልኳቸው፤ ምናልባት ወደፊት ሌላ ሰው ይጠቅም እንደሆነ። እምቢ ቢሉ ማንም አይቆጣም፣ ሕክምናዎም አይቋረጥም።

«ምን ያዩበታል?»

«ጠላ ሲያልቅ አተላ ይቀር የለም? አተላውን አይተን ጠላው ምን ያህል እንደነበር እንገምታለን።»

ፈገግ አሉ! «አዬ፣ ያን ሁሉ ተምረሽ አተላ ለካሽ?» እማዬ አፏን ያዘች፣ በሦስት ሳምንት የመጀመሪያው ነው። ከዚያ፦ «ይቅዱ። ግን እንዳትደፉት።» በዕብራይስጥ ፊደል፣ አንድ አንድ እያሉ ፈረሙ።

ሰኞ 24/11፣ ረፋድ

ሳጥኑ መጣ። ከዚያ ሆስፒታል አንድ ብልቃጥ ብቻ። ወንድ፣ 61። እሳቸው ናቸው። የዘመዴ ስለሆነ ለባልደረባዬ መስጠት ነበረብኝ። አልሰጠሁም። ለካሁ።

ቅሪቱ በጣም ትንሽ። ደገምኩ። ያው።

የሚባለውን አውቃለሁ። ይህ ቅሪት ዝቅ ካለባቸው መካከል ራሳቸውን ለማጥፋት የሞከሩ ይበዛሉ የሚል አለ። በአንድ ሰው ላይ ግን ምንም አይፈርድም፤ ለአዲስ ሠራተኞች ይህን የማስተምረው እኔው ነኝ። ዛሬ ለራሴ ብነግረው ብነግረው አልሰማ አለኝ።

ከምሳ በኋላ

ለአለቃዬ ተናዘዝኩ። ተቆጣች፣ ደግሞም ይገባኛል። ብልቃጡን ወስዳ ለሌላ ሰው ሰጠች። ከዚያ ወንበር ሳበችልኝ። እንደ ሠራተኛ የምታውቂው ነገር የለም አለችኝ፤ የእህት ልጅ ግን መጠየቅ ትችላለች። ያላ፣ ሂጂ።

ማክሰኞ 25/11

ከእማዬ ጋር ሆስፒታል ሄድኩ። ሐሙስ ሊወጡ ነው ተባለ። ወደ ገዴራ፣ ወደዚያ ባዶ ቤት። እማዬን ሻይ እንድታመጣ ላክኋት።

«አያ፣ ልሙት ልሙት ይልዎታል?»

እንዲህ ያለ ነገር ታላቅን ጠይቄ አላውቅም። ብርድ ልብሳቸውን ወደ ላይ ሳቡ።

«ይለኛል።»

ሐኪሞቹ አልጠየቁዎትም? አልኳቸው።

«ጠይቀዋል። በእነሱ ቋንቋ። ሎ፣ አይ አልኩ። ሎ ማለት ይቀላል፣ ልጄ።»

እጃቸውን ያዝኩ፣ ቀዝቃዛ። ለሐኪሟ መናገር አለብኝ አልኳቸው። ንገሪያት አሉ፤ ያንን ቤት ፈርቼዋለሁ አሉ። ነገርኳት። ወዲያው መጥታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፣ ሁሉንም እንደ አዲስ ጠየቀች፣ በእኔ አፍ መለሱላት። አለቀሱ። መውጣቱ ቀረ።

ስለ ቁጥሩ አልተናገርኩም። አላስፈለገም።

ሐሙስ 4/12፣ ከሥራ መልስ

አሁንም እዚያው ናቸው። መድኃኒት ተቀየረ። ትናንት ግማሽ ሳህን በሉ፤ እማዬ ቤኤር ቱቪያ በምትሠራበት ፋብሪካ ላለው ሰው ሁሉ አወራች። ከትናንት ወዲያ ግን ፊታቸውን አዙረው ነው የዋሉት። አላሳምርልሽም።

ወስኛለሁ። ሲወጡ ገዴራ አይገቡም። ቂ.ማ. እኛ ቤት፣ የእኔ ክፍል። እኔ ሳሎን እተኛለሁ። እማዬ አለቀሰች፣ ቤሰደር፣ እሺ አለች። ማክሰኞ ማክሰኞ ደግሞ ከሰዓት ፈቃድ ወስጄ ክፍላቸው ላሉት ሌሎች ሽማግሌዎችም አስተረጉማለሁ፤ አለቃዬ ተስማምታለች። የቀረው ለአያ ወርቁ መንገር ነው። እንግዳ አልሆንም ይሉ ይሆናል። እንዴት ብዬ እንደምነግራቸው—

ስልክ። እማዬ ከማዕድ ቤት ትጣራለች። አያ ወርቁ ናቸው ትላለች፣ ራሳቸው ደውለው፣ እኔን አገናኙኝ ብለዋል። ልሂድ።