ከጓሮ በር የተላከ አቤቱታ

ለተከበሩ የከተማችን የቅርስና የውበት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደ ቢሮዎ መጋረጃ ያማረ፣ እንቅልፍዎም እንደ ጽሕፈት ቤትዎ የከሰዓት በኋላ ሥራ የማይረበሽ ይሁንልዎ እያልኩ፣ ብዕር ያነሣሁት ለአንዲት ተራ ጉዳይ መሆኑን በትሕትና አስታውቃለሁ። ጉዳዩ የሰሌዳ መንጋደድ ነው። ሠራተኞችዎ ሰሞኑን በቤታችን የፊት በር ላይ የቸነከሩት ሰሌዳ ወደ ግራ አዘንብሏልና፣ አላፊ አግዳሚው አንገቱን ጠምዝዞ ነው የሚያነበው። እኔም አንገቴን ጠምዝዤ አነበብኩት። «የቅኝ ግዛት ዘመን ቅርስ። ነዋሪ የለበትም» ይላል።

መንጋደዱንስ በይቅርታ እናልፈው ነበር። ያስቸገረችን «ነዋሪ የለበትም» የምትለዋ ናት፤ ይህን የምጽፈው እዚያው ቤት ውስጥ ተቀምጬ፣ የእህቴም ልጅ አጠገቤ የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋች ነውና። ቤቱ በወሩ መጨረሻ ለሆቴል ሰዎች እንደሚሰጥ ከሰማች ወዲህ መርፌ መስበር አብዝታለች። የስፌት መኪናዋን ይዛ የምትገባበት ሌላ ጣሪያ የላትም፤ እኔም የለኝም። ስለዚህ ቅሬታዬን እንደ ደንቡ በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ሰዎችዎ መጥተው የፊቱን በር ማንኳኳታቸውን አልክድም፤ የእህቴ ልጅ ሰምታለች። ነገር ግን በዚያ በር ሰው አንኳኩቶ አያውቅምና፣ የጎረቤት ነው ብላ ስፌቷን ቀጠለች። አባቴ የዚህ ቤት ልብስ አጣቢ ነበር። ጌቶቹ ቤቱን ሲሠሩ የፊቱን በር ለራሳቸው፣ የጓሮውን ለእሱና ለመሰሎቹ አደረጉ። አገሩን ለቀው ሲሄዱ ቤቱ በሕግ ለአባቴ ተሰጠ፤ እሱ ግን በማግስቱም የገባው በጓሮ ነው። የፊቱን በር በቁምሳጥን ዘግቶ እኛንም በጓሮ አሳደገን። እንግዳ በጓሮ፣ ሙሽራ በጓሮ፣ የእሱም አስከሬን በጓሮ ወጣ። ይህን ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል፤ አንድ ጎረቤት ቢጠየቅ ይበቃ ነበር። ጥድፊያችሁን ግን እረዳለሁ፤ ውበት ፋታ አይሰጥም።

ሁለተኛ፤ ይህንኑ ላስረዳ ቢሮዎ ብመጣ፣ ጸሐፊዎ በጨዋነት አዳምጣኝ ስታበቃ «አባባ፣ እስካሁን በጓሮ መግባት እኮ የቅኝ ተገዥ አስተሳሰብ ነው» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ዕድሜ ይስጣት። እኔ ግን ትምህርት ቤት ያልገባሁ፣ ፊደልን ከጋዜጣ ቁራጭ የለቀምኩ ሰው ነኝና አንድ ነገር አልገባኝም። ከጸሐፊዋ ራስ በላይ የተሰቀለው ሥዕል ይህንኑ የእኛን ቤት ነጭ ቀለም ተቀብቶ ያሳያል፤ ከሥሩም «የቅኝ ግዛት ዘመን ሞገስ» ተብሎ ተጽፏል። ቃሉ ለግድግዳ ሲሆን ሙገሳ፣ ለእኛ ሲሆን ስድብ የሚሆነው በየትኛው ደንብ ነው? በሩን የዘጉብን ጌቶች ሞገስ ሲተርፋቸው፣ በሩ ለተዘጋብን ለእኛ «አስተሳሰብ» ተረፈን። አባቴ «ቅኝ ግዛት» የሚለውን ቃል ሲጠራ ድምፁን ዝቅ ያደርግ ነበር፤ ዛሬ ከተማው ያንኑ በፈረንጅ አፍ «ኮሎኒያል» ወንበር፣ «ኮሎኒያል» ቁርስ፣ «ኮሎኒያል» ፀጥታ እያለ ይቸበችበዋል። ፀጥታውን እንኳ አውቀዋለሁ፤ ዝም ያለው አባቴ ነው።

ሦስተኛ፤ የእህቴን ልጅ ስላልረሳችኋት እግዜር ይስጥልኝ። የሆቴሉ ሰው የአስተናጋጆቹን ነጭ ካፖርት እንድትሰፋ፣ ከፈለገችም እሷው ለብሳው እንድታስተናግድ ጋብዟታል። ሠራተኛ የሚገባው በጓሮ በር መሆኑንም አስቀድሞ ነግሯታል። እኛ በራሳችን እግር በጓሮ ስንገባ ኋላ ቀርነት የነበረው፣ ሆቴሉ ሲያስገባን ቅርስ ሆነ ማለት ነው። ያን ዕለት ወደ ቤት መጥታ «ጋሼ፣ አያቴ ያጥበው የነበረውን ልብስ ነው እንዴ ስፊ የሚሉኝ?» አለችኝ። ለሁሉም ነገር መልስ የማላጣው ሰውዬ ብዕርና ወረቀት ፍለጋ ተነሣሁ። ይህን ዕረፍት በመስጠትዎ ሰፈሩ በጣም ያመሰግንዎታል፤ ወሬዬ ሁሉ ወደ ወረቀቱ ዞሯልና።

አራተኛው ቅሬታዬ ከሁሉም የከፋ ሲሆን፣ እርሱም... ይቅርታዎን፣ ክቡር ሆይ፤ በር እየተንኳኳ ነው። የጓሮው አይደለም። የእህቴ ልጅ መኪናዋን አቁማ ታየኛለች። አሁን ደግሞ ተነሥታ ቁምሳጥኑን መግፋት ጀመረች፤ ብቻዋን አትችለውም።

በአንድ እጄ ባርኔጣዬን አንሥቼ፣ በትከሻዬ ቁምሳጥን እየገፋሁ፣ በታላቅ አክብሮት የምሰናበትዎ፣
የ«ነዋሪ የለበትም» ቤት ነዋሪ፣
ሰፈሩ «ጋሼ ነገሬ» የሚለኝ

ድኅረ ጽሑፍ፣ በማግስቱ፦ ለካ ያንኳኩት እርስዎ ራስዎ ነበሩ፤ ከሆቴሉ ሰው ጋር ባዶ ቤት ሊለኩ መጥተው። ቁምሳጥኑ ተነሥቶ በሩ ዝጎ እምቢ ሲል፣ ከውጭ በትከሻዎ ስለ ገፉልን አመሰግናለሁ። በዚያው ግፊት ሰሌዳው ወልቆ ወድቋል፤ አሁን ደረጃው ላይ ቀጥ ብሎ ተኝቷልና ስለ መንጋደዱ ያቀረብኩት አቤቱታ ተዘግቷል። የእህቴ ልጅ መኪናዋን ወደ ፊቱ በረንዳ አውጥታለች፤ ቁምሳጥኑም ከእንግዲህ ወደ ቦታው አይመለስም። ሊያስወጡን ከመጡ፣ ሰፈሩ እያየ በፊት ለፊቱ በር ይሆናል። ያሳሰበኝ፣ ትናንት ደጃፍ ላይ የተሰበሰበውን ሰው አይተው በጓሮ ልውጣ ማለትዎ ነው። ያ በር ሲሠራ ሆን ተብሎ ዝቅ የተደረገ ነውና ያላጎነበሰ አይወጣበትም፤ ባለማወቅዎ አልፈርድም። ግንባርዎ እንዴት አደረ?