«ሸዋ ሮቢት፦ በሙሉ» ለሚለው ዝርዝራችሁ የቀረበ ምስጋና

ለጮራ አምባ ቴሌቪዥን ጣቢያ ሥራ አስኪያጅ
ከጣርማ በር ማዶ፣ ደጋው ላይ

ክቡር ሆይ፣

ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ቤተሰብዎ፣ ወንበርዎ፣ ቢሮዎ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል የሚባለው ትልቁ ቴሌቪዥንስ እንደምን ከርመዋል? እኛ የሸዋ ሮቢት ሰዎች ከሙቀቱና ከእናንተ ዝርዝር በቀር ክፉ አልነካንም።

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፍልዎ መናኸሪያው ግድግዳ ላይ ያስለጠፉትን የሥርጭት ሽፋን ዝርዝር ካነበብኩ ወዲህ አርፎ መቀመጥ ስላቃተኝ ነው። ዝርዝሩ «ሸዋ ሮቢት፦ በሙሉ፤ ካራቆሬ፦ በሙሉ፤ ማጀቴ፦ በሙሉ» ይላል። ገልብጬ ኪሴ ውስጥ ይዤዋለሁ። ከማውጣትና ከማስገባቴ ብዛት ወረቀቱ በእጥፋቱ ተቀዶ ማጀቴ ለሁለት ተከፍላለችና፣ እሷን እንኳ «በከፊል» ብትሏት ቅር አይለኝም።

ጉዳዩ የእህቴ የእቴነሽ ነው። እቴነሽ በልጅነቷ ታማ ከተነሳች ወዲህ አትሰማም። ልጇ ቅድስት አፏን የፈታችው በእጇ ነው ማለት ይቻላል። አድጋ የምልክት ቋንቋ በትምህርት ቤት ተማረች፣ በየበዓሉ እየመጣች ለእናቷም አስተማረች፤ እርስዎም አመስግነን የማንጨርሰውን ውለታ ውለውልን ቀጠሯት። እሑድ እሑድ በሰባት ሰዓት፣ ከስክሪኑ በስተቀኝ ታች ባለችው ትንሽ ሳጥን ውስጥ ሆና ዜናውን በእጇ ትተረጉማለች። ዕድሜዋን ሙሉ የሰው አፍ ሲንቀሳቀስ እያየች የኖረች እናት፣ በገዛ ልጇ እጅ ዜና ልትሰማ ነው ማለት ነው። ስለዚህ የተደረገልንን በተራ ላመስግን።

አንደኛ፣ ባለፈው ሰኔ የሥርጭት ቁጥራችሁን ስትቀይሩ ለሕዝብ በትጋት ስላስታወቃችሁ አመሰግናለሁ። ማስታወቂያው በአዲሱ ቁጥር ላይ ብቻ ቀንና ሌሊት ሲተላለፍ እንደነበረ ዘግይተን ሰማን። በአሮጌው ቁጥር ላይ ጥቁር መስኮት እያየን የሰነበትን እኛ ግን ጣቢያው ሐዘን የተቀመጠ መስሎን ነበር።

ሁለተኛ፣ ቁጥሩን ካገኘን በኋላም ምስሉ አልመጣምና አንቴናውን ላዞር ጣራ ላይ ወጣሁ። ክቡርነትዎ ደጋ ስለሚኖሩ ላያውቁት ይችላሉ፤ የእኛ ቆርቆሮ በሰባት ሰዓት ላይ እግር አያስቆምም። የጫማዬ ሶል ቀልጦ ምልክቱ እዚያው ቀርቷል። አራት እሑድ ሙሉ እየዘለልኩ አንቴና ሳዞር ጎረቤቴ አንዋር ከታች ሆኖ፣ ጋሼ ግርማ፣ ጭፈራው ለማን ሰርግ ነው፣ እያለ ይጠይቀኛል። ቴሌቪዥን የሚጠግነው ሀብታሙም መጥቶ ሁሉን ከፈተሸ በኋላ፣ መካከል ላይ የቆመው ተራራ ካልተነሳ የእኔ ፒንሳ ምንም አያደርግም ብሎኝ ሄደ። ተራራው ዝርዝራችሁ ላይ የለም።

ሦስተኛ፣ ቢሮዎ ብደውል ስልኩን ያነሳችው ትሑት ሠራተኛ፣ ምስሉ የማይደርስ ከሆነ ድምፁ በሬዲዮም ስለሚተላለፍ እህትዎ በሬዲዮ ይከታተሉ ስትል መከረችኝ። ምክሯን ለእቴነሽ በእጄ ነገርኳት። እንደዚያ ቀን ስትስቅ አይቻት አላውቅም፤ ለዚህ ከልቤ አመሰግናለሁ።

አራተኛው ግን አላሳቀንም። ካራቆሬ ላይ ጣቢያው ይይዛል ሲሉን ባለፈው እሑድ እቴነሽ አዲሱን ነጠላዋን ለብሳ፣ በሚኒባስ ሄደን አንድ ሻይ ቤት ገባን። እውነትም ይዟል። ቅድስት በሳጥኗ ውስጥ ብቅ አለች፤ ፊቷ፣ አንገቷ፣ ትከሻዋ ሁሉ ይታያል። ከዚያ በታች ግን በስክሪኑ ግርጌ የሚሮጥ ሰፊ ሰማያዊ ጽሑፍ ነበርና እጆቿን ሸፍኗቸዋል። አነበብኩት። «ሸዋ ሮቢት፦ በሙሉ፤ ካራቆሬ፦ በሙሉ፤ ማጀቴ፦ በሙሉ» ይላል። ዜናው እስኪያልቅ አላቋረጠም። እቴነሽ ተነስታ ቴሌቪዥኑ ድረስ ሄደችና በነጠላዋ ጫፍ ጽሑፉን ልትጠርገው ሞከረች። አልጠረግ ሲላት ወደ እኔ ዞራ፣ የልጄን እጅ ለምን አሰሩት ብላ በምልክት ጠየቀችኝ።

መናኸሪያው ላይ የተለጠፈው ዝርዝር ግርጌው ላይ በደቃቅ ፊደል፣ የምልክት ቋንቋ ሳጥኗ «ተመልካች ስላልተገኘላት» በዚህ ወር መጨረሻ እንደምትነሳ ይገልጻል። ቅድስት ይህን ደብዳቤ አታውቀውም፤ ብታውቅ በሁለት እጇ ትሰድበኝ ነበር። ተመልካች ከሆነ የተፈለገው አንዲት አለች። ስሟ እቴነሽ ነው፤ በመጪው እሑድ ከሰባት ሰዓት በፊት ካራቆሬ እዚያው ሻይ ቤት፣ ከቴሌቪዥኑ ፊት ለፊት ባለው ወንበር ላይ ያገኟታል። ተራራው እንዲነሳልን አልጠየቅንም። ጽሑፉ ወደ ላይኛው ጠርዝ ወጥቶ የልጅቷ እጅ እንዲታይ ብቻ ነው።

ይህን እስክጽፍ ሁለት ጊዜ ጣራ ላይ ወጥቼ የወረድኩት፣ ለወንበርዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለዝርዝርዎ አጭር የምመኘው አክባሪዎ፣

የቅድስት አጎት ግርማ
ሸዋ ሮቢት፣ «በሙሉ» ከተባሉት ከተሞች አንዷ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ጽሑፉን ለማንሳት ካልተቻለ፣ ሐሙስ ሐሙስ እርስዎ ስለ ሽፋናችሁ መስፋት በሚናገሩበት ዝግጅት ላይ ትንሽ ከፍ አድርገው በአፍዎ ላይ ያሳልፉት። የሚሉት ሁሉ እዚያው ስለተጻፈ አንድም ቃል አያመልጠንም።