ስለ ሦስቱ አለንጋ ይቅርታ ስለ መጠየቅ

ለተከበሩ ምዜ ኪፕኬሜይ አራፕ ማይዮ
የሸንተረሩ ሯጮች ካምፕ ዋና አሠልጣኝ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የአክብሮት ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ የግራ ትከሻዎ እብጠት እንደጎደለልዎ፣ በጀርባዎ መተኛትም እንደጀመሩ ተስፋ አደርጋለሁ። የመንደራችን ሽማግሌዎች በማራቶኑ ዕለት ሠላሳ ሰባተኛው ኪሎ ሜትር ላይ በሕዝብ ፊት ሦስት ጊዜ በአለንጋ ስለመታሁዎት ይቅርታ በጽሑፍ እንድጠይቅ፣ ጽሑፉም በካምፑ በር ላይ እንዲለጠፍ ስለወሰኑ፣ ውሳኔያቸውን አክብሬ ይህን ጽፌያለሁ። በዚያውም የአሥራ ሰባት ዓመት እህቴ ቼላጋት ሰኞ ጠዋት ወደ ካምፑ እንድትገባ እርስዎ ለላኩት ጥሪ መልስ እሰጣለሁ። ከይቅርታው በፊት ግን ከእርስዎ የተማርኩት ብዙ ስለሆነ ምስጋናዬን ላስቀድም።

፩ኛ. ቀስ ብሎ መሮጥ የሚባለውን በሽታ ከካምፑ ስላጠፉልን እጅግ አመሰግናለሁ። እርስዎ ከመምጣትዎ በፊት ሰኞና ረቡዕ ወሬ እያወራን፣ እየሳቅን የምንሮጥ ሰነፎች ነበርን። እርስዎ ግን አሥር ሳምንት ሙሉ በፒክአፕ መኪናዎ ከኋላችን እየተከተሉ፣ የጉማሬ አለንጋዎን በመስኮት አውጥተው፣ ወደ ኋላ የቀረችውን ሁሉ ባቷን እየገረፉ አሻሽለውናል። «አንቺ ጄሮቲች! እናትሽ ለአሸናፊ ብላ ወተት በቅል አርግታ ትጠብቃለች፣ አንቺ እዚህ ታዘግሚያለሽ! ላም እንኳ ትቀድምሻለች!» ያሉኝ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። የዕረፍት ቀን ስንጠይቅዎ «ሞታችሁ ታርፋላችሁ» ብለው ስላጽናኑንም ምስጋናዬ ይድረስዎ።

፪ኛ. ሐሙስ ሐሙስ የምንሮጠውን ረጅሙን ልምምድ ጦርነት ስላደረጉልን አመሰግናለሁ። ሠላሳ አምስቱን ኪሎ ሜትር በውድድር ፍጥነት ሮጠን የመጨረሻዋ ሦስት አለንጋ እንድትቀምስ ስለደነገጉ፣ ስድስት ዓመት አንድ ክፍል የተኛን ጓደኛሞች እርስ በርስ ተዘነጣጠልን። ጓደኛዬ ሴልፋ በክርኗ ከንፈሬን ተረተረችው፤ እኔም በቡጢ አፍንጫዋን ሰበርኩት። ደማችን አቧራው ላይ ሲንጠባጠብ እርስዎ መኪናው ላይ ሆነው እያጨበጨቡ «ይሄ ነው ሩጫ! ይሄ ነው እንጂ!» አሉን። ከአሥሩ ሐሙስ ስምንቱን ያሸነፍኩት እኔ ነኝ። ማራቶኔን በየሐሙሱ ቆራርሼ እንደጨረስኩት የገባኝ ዘግይቶ ነው።

፫ኛ. በውድድሩ ዕለት ስለሰጡኝ ምክርም ሳላመሰግን አላልፍም። ለብሔራዊ ቡድን የሚመረጡት ሦስት ሴቶች ብቻ ነበሩ፤ እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ የምመኘው ይህንኑ ነበር። የመጀመሪያውን አምስት ኪሎ ሜትር በአሥራ ሰባት ደቂቃ ተኩል ልሄድ አስቤ ነበር። እርስዎ ግን መነሻው ላይ ጆሮዬን ይዘው «በአሥራ ስድስት! አንዲት ሰከንድ ብታሳልፊ ቤትሽ ድረስ መጥቼ እገርፍሻለሁ» ስላሉኝ ታዘዝኩ። እስከ ሠላሳኛው ኪሎ ሜትር ብቻዬን መራሁ፤ እንዴት ያለ ደስታ ነበር! ሠላሳ ሁለተኛው ላይ ጭኖቼ ድንጋይ ሆኑ፣ ጫማዬ ውስጥ ደም ይንቦጫረቅ ጀመር፣ ሁለት ጊዜ በግንባሬ ተደፋሁ። ሠላሳ ሰባተኛው ላይ እንደ ሕፃን እየዳህኩ ነበር።

ሴልፋ የደረሰችብኝ ያን ጊዜ ነው። ትእዛዝዎን ችላ ብላ ቀስ ብላ የተነሳችው፣ አፍንጫዋን የሰበርኩባት ሴልፋ፣ የያዘችውን ውኃ አፌ ላይ አፍስሳ «አይዞሽ የኔ እህት፣ ተንፍሺ» ብላኝ አለፈች፤ ሁለተኛም ሆና ጨረሰች። እውነተኛ ይቅርታ የምጠይቀው እሷን ነው፤ ጠይቄያታለሁም። እርስዎ ደግሞ ከመኪናዎ ወርደው «ተነሺ አንቺ ውርደት!» እያሉ የተጎነበሰ ጀርባዬን ይሞሸልቁት ጀመር። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ቆጠርኩ። አራተኛው ሲሰነዘር አለንጋውን ከእጅዎ ነጠቅሁ።

፬ኛ. ሽማግሌዎቹ ያዘዙኝ ይቅርታ እዚህ ላይ ይገባል። የመጀመሪያውን አለንጋ ጉልበቴን ቆጥቤ ሰነዘርኩ። በሁለተኛው ትንሽ ጨመርኩ። የቀረኝን ሁሉ ለሦስተኛው አስቀመጥኩ፤ እርስዎም የወደቁት በሦስተኛው ነው። ማራቶን እንዴት እንደሚሮጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የገባኝ ያኔ ነው። ይህን የሚያህል ዕውቀት በትከሻዎና በጀርባዎ ላይ ስለተማርኩ፣ ትከሻዎንና ጀርባዎን ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ከዚያም አለንጋዎን እንደያዝኩ፣ እያነከስኩና እያለቀስኩ፣ አርባ አንደኛ ገባሁ። እናቴ ወተቱን አልደፋችውም፤ ቅሉን በሁለት እጇ ይዛ አጠጣችኝ።

የቼላጋትን ጉዳይ በተመለከተ፣ «ትልቋ ተበላሽታለች፣ ትንሿን አምጡልኝ» ማለትዎን ሰምቻለሁ። ለቤተሰባችን ስላሰቡ እናመሰግናለን፤ ቼላጋት ግን አትመጣም። ሰኞ ጠዋት በታችኛው መንገድ ከሴልፋና ከእኔ ጋር ወሬ እያወራች፣ እየሳቀች ትሮጣለች። ካምፕዎን ለቀው የመጡ ዘጠኝ ሴቶችም አብረውን አሉ፤ በዚያ ሲያልፉ አቧራ እንዳያስነሱብን መኪናዎን ቀስ አድርገው እንዲነዱ በአክብሮት እለምናለሁ።

ትምህርትዎን በጀርባዋ ላይ ተሸክማ የምትኖር፣
ትሑት ተማሪዎ
ጄሮቲች ቱዌይ
በማራቶኑ አርባ አንደኛ

ድኅረ ጽሑፍ፦ አለንጋዎ በቤታችን በር ላይ ተሰቅሏል። በሰጡኝ ተስፋ መሠረት ቤታችን ድረስ መጥተው ቼላጋትን ለመውሰድ ቢያስቡ፣ አንድ ነገር በትሕትና ላስታውስዎ። ያን ዕለት የመታሁዎት ሠላሳ ሰባት ኪሎ ሜትር ሮጬ፣ ሁለት ጊዜ ወድቄ፣ ከምድር ላይ ተነስቼ ነበር። አሁን ስድስት ሳምንት አርፌያለሁ።