ልጄ ቆሞ ይሸነፍልኝ

ይድረስ ለወንድሜ ለወዳጆ
ሀምቡርግ

ወንድም ጋሻዬ፣ እንደምን ከርመሃል? ሰው ሰላምታ ሲጽፍ «ከራስ ጸጉርህ እስከ እግር ጥፍርህ» ብሎ በአንድ ጊዜ ይጨርሳል፤ አንተን ግን በየተራ ነው መጠየቅ ያለብኝ። ቅንድብህ ጠገገልህ ወይ? የተሰፋበት ክር ወጣ? የጎንህ ውጋት ተወህ? ቀኝ እጅህስ? ራስህን እንዴት ያደርግሃል? እንቅልፍ ትተኛለህ? እዚያ አገር ነሐሴ በጋ ነው ትሉናላችሁ፤ ይሁን፣ ገላህ ይሙቅልህ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ክረምቱ ዘንድሮ ለጉድ ነው የወረደው፤ የካዛንቺስ ጭቃ ጫማ መዋጡን ትቶ ሰው ሊውጥ ምንም አልቀረው። ጣራችን ያው በለመደበት ያፈሳል፤ አንተ ያስቀመጥከው ሳፋም ከቦታው አልተነሣም። ከናፍቆትህ በቀር የጎደለብን የለም ብዬ እንዳልጽፍልህ ውሸት ይሆንብኛል። ስልክህ ጎድሎብናል።

ከሐምሌ መጨረሻ ወዲህ አልደወልክም። ለምን እንደሆነ አላጣሁትም። የመጨረሻውን ቀን ስልኩን ያነሣሁት እኔ ነኝ። «እናቴ እንድሸነፍ ተስላ ነበር አሉ፣ እውነት ነው?» አልከኝ፤ እኔም «ማን ነገረህ?» አልኩህ። «ሰው ለጠላቱ እንኳ እንዲህ አይሳልም!» ብለህ ጆሮዬ ላይ ዘጋህብኝ። የሰፈራችን ወሬ እኮ ያለ ቪዛ ሀምቡርግ ይገባል! ማን እንዳደረሰልህ ባውቅ ዛሬ ቁርስ ቤቴ ውስጥ ፉሌን ሳይሆን እሱን ነበር የምፈጨው። ለማንኛውም ሰውየው ያደረሰልህ ግማሹን ነው። ሌላውን ግማሽ እኔ ልጻፍልህና እስከ መጨረሻው አንብብ። መቆጣት ካማረህ እየተቆጣህ አንብብ።

እማዬ ቡጢህን አንድም ቀን ወዳው እንደማታውቅ ከእኔ በላይ ታውቃለህ። የቡጢ አሠልጣኙ ጋሽ ደቻሳ የበሬ ታፋ በትከሻህ ተሸክመህ ስጋ ቤት ስትገባ አይተው «ይሄ ልጅ ለጓንት የተፈጠረ ነው» ያሉ ጊዜ፣ እቤት ድረስ መጥተው ሲለምኗት ያለቻቸውን ታስታውስ የለ? «አቶ ደቻሳ፣ እኔ ይህን ልጅ እጁ ሰው ላይ እንዳያርፍ ስቆጣ ነው ያሳደግኩት። አሁን እርስዎ መጥተው ያሳርፍ ይሉኛል?» አለቻቸው። እሳቸውም የድሮ ፖሊስ አይደሉ፣ ኮፍያቸውን አውልቀው «ወይዘሮ ሸዋአየሁ፣ ግድ የለዎትም፤ እዚህ አገር በዚህ ልጅ ሚዛን የሚቆም ሰው ስለሌለ ማንንም አይመታም» ብለው አሳቋት። እውነታቸውንም ነበር! በከባድ ሚዛን ተጋጣሚ ጠፍቶ፣ መድረክ ላይ ብቻህን ወጥተህ እጅህን አንሥተውልህ ሜዳልያ ይዘህ የመጣህ ጊዜ፣ ሰፈሩ ሲጨፍር እማዬም ከልቧ ደስ ብሏት ነበር። እንደዚያ ያለ ቡጢ ቢሆንማ እስከ ጡረታህ ብትጋጠም ደስታዋ ነው።

ከዚያ ጀርመኖቹ ለልምምድ ማጋጠሚያ ብለው ወሰዱህ፤ የእነሱ ቦክሰኛ ሲዘጋጅ አንተ እየተደበደብክ ከረምክ፤ አንድ ቀን ደግሞ ተደብዳቢው ደብዳቢ ሆነና ፕሮፌሽናል አደረጉህ። የመጀመሪያውን ግጥሚያ በዝረራ አሸንፈህ፣ የለበስከውን ሰማያዊ የከፋይ ካባ በሰው የላክህልን ቀን ቤታችን ሠርግ ቤት መስሎ ነበር። ጀርባው ላይ ስምህ በፈረንጅ ፊደል፣ በወርቅማ ክር ተጠልፏል። ግድግዳው ላይ ሰቀልነው። ቁርስ ቤቴ የሚመጣው ሰው ያዘዘውን እንቁላል ትቶ ካባ ለማየት ጓዳ ይገባብኝ ጀመር። ጎረቤታችን ሙሐሲንም ካሴትህ በመጣ ቁጥር ቪዲዮ ቤቱን ለሰፈሩ በነጻ ይከፍታል፤ ሰዉ መስኮት ላይ ይንጠለጠላል። እማዬ ግን አንዱንም አላየችም። ግቢ ውስጥ ጀርባዋን ሰጥታ ትቀመጥና ጩኸት ስትሰማ «ማን ነው የወደቀው?» ትላለች። «ሌላው ነው» ስንላት «እሱስ እናት የለውም?» ትለናለች።

አሁን ወደ ነገሩ ልምጣ። ዘንድሮ ፋሲካ ዕለት ሙሐሲን ሱቅ ደውለህ ከእማዬ ጋር አወራችሁ። ከዚያ በፊት በመጋቢት ያንን ፖላንዳዊ አሸንፈህ ነበር፤ አሸነፍክ ይባል እንጂ ካሴቱን አይተነዋል፣ የተቀበልከው ቡጢ ከሰጠኸው አያንስም። ስታወራት «ዝናብ ጀመረ ወይ?» አልካት፤ ጀምሯል አለችህ። ትንሽ ቆይተህ «ዝናብ ጀመረ ወይ?» አልካት። ይሄንን መስመሩ ነው ብላ አለፈችው። ከዚያ ልጄን ልትጠይቅ «ያቺ... ያቺ እንኳ... የእጸገነት ልጅ ደህና ናት?» አልካት። ስሟ ጠፋብህ። ወዳጆ፣ ስሟን ያወጣህላት እኮ አንተ ነህ! የክርስትናዋ ዕለት በአንድ መዳፍህ ይዘሃት ቤት ሙሉ ሰው ፊት «ይህ ነው ስሟ፣ የሚቃወም ካለ ጓንት ያጥልቅ» ብለህ ሰዉን በሳቅ ያፈነዳኸው አንተ ነህ። እማዬ ስልኩን ዘግታ መጣችና የፋሲካውን ዶሮ ሳትነካ ተኛች። እኛ የጾም ድካም መስሎን ነበር። ለማንም ትንፍሽ አላለችም።

የሰኔው ትልቁ ግጥሚያህ ሲነገር ሰፈሩ ሁሉ ለአንተ ጸሎት ያዘ። ሙሐሲን መስጊድ ዱዓ አስደረገ። ጋሽ ደቻሳ በዚያ ዕድሜያቸው ጾም እይዛለሁ ብለው ስንት ተለምነው ነው የተዉት። እማዬ ደግሞ ኡራኤል አፍንጫችን ሥር እያለልን ነጠላዋን አጣፍታ ቂርቆስ ወረደች። ሁልጊዜም የልጅ ነገር ሲሆን እዚያ ነው፤ «ቂርቆስ ከእናቱ ጋር እሳት የገባ ነው፤ እናትና ልጅን ያውቃል» ትላለች። እኛ እንድታሸንፍ የተሳለች መስሎን ደስ አለን። እሷ ግን ምን ብላ እንደተሳለች ስማ፦ «ልጄ ቆሞ ይሸነፍልኝ። ሳይወድቅ፣ ሳይሰበር፣ በእግሩ ቆሞ ይሸነፍልኝና ይረፍ። ካባውን ለታቦትህ ጥላ አሰፍቼ አመጣልሃለሁ።»

ቀጥሎ የሆነውን አንተ ነህ የምታውቀው። በሰባተኛው ዙር ቅንድብህ ተከፈተ፣ ደሙ ዓይንህን ጋረደው፣ አሠልጣኝህም «በቃው» ብሎ ፎጣ ወረወረ። «ቆሜ ነበር እኮ! ቆሜ እያለሁ ነው የሸጠኝ!» ብለህ በስልክ ስታለቅስ እኔም አብሬህ አልቅሻለሁ፤ ያንን ሰውዬ ያልረገምኩት እርግማን የለም። ለእማዬ የነገራት ሙሐሲን ነው። ዓይኑ ቀልቶ መጣና «ማዘር፣ ተሸነፈ» አላት። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው፤ «ቆሞ ነው ወድቆ?» «ቆሞ» አላት። እልል አለች! ሙሐሲን ኀዘን አእምሮዋን ያናጋው መስሎት ውሃ አምጡ ብሎ ጮኸ።

ከዚያ ካባው ከግድግዳው ጠፋ። «ላሳጥበው ሰጥቼ ነው» አለችኝ፤ አመንኳት። ሐምሌ 19 ቂርቆስ ሲነግሥ አብረን ሄድን፤ ዝናቡ ለጉድ ነው፣ የካዛንቺስ ሰው ግማሹ እዚያ ነው። ስለት የሚያስነግሩት ቄስ በድምፅ ማጉያ አንድ በአንድ ያነባሉ፤ እገሊት ልጅ አግኝታ፣ እገሌ ከእስር ተፈትቶ፣ ሰዉም በየመሐሉ እልል ይላል። ድንገት «ወይዘሮ ሸዋአየሁ፣ ልጃቸው በቡጢ ግጥሚያ...» አሉና ቆሙ። ወረቀቱን ጠጋ አድርገው አዩት። ከዚያ ማጉያውን ሳያጠፉ «እማማ፣ አሸንፎልኝ ለማለት ነው አይደል?» አሏት። እማዬም ጥላዋን እንዳቀፈች «የለም አባቴ፣ ተሸንፎልኝ ነው፤ ቆሞ ተሸንፎልኝ» አለች። ያ ሁሉ ሕዝብ ወደ እኛ ዞረ። እኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ቆይቶ ከኋላ አንዲት አሮጊት፣ እሳቸውም ወንድ ልጅ ይኖራቸዋል መሰለኝ፣ ብቻቸውን እልል አሉ። ከዚያ ሌሎቹም ተቀበሏቸው።

እስከ ቤት ድረስ ስነዘንዛት መጣሁ። «ሰፈር ሙሉ ሲጸልይለት እንዴት አንቺ ታፈርሺበታለሽ? ካባውንስ እንዴት ታስቀጃለሽ?» አልኳት። የፋሲካውን ስልክ ያን ጊዜ ነው የነገረችኝ። «አንቺ ግድግዳ ላይ የምትሰቅዪውን ነው የምታዪው፤ እኔ የወለድኩት ሜዳልያውን አይደለም፣ ጭንቅላቱን ነው» አለችኝ። አልጋዬ ላይ ሆኜ አንተን ሳስብ አነጋሁ። ሙሐሲን እንኳ «ሰፈሩን አዋረደችው» ብሎ አኩርፏት ነበር፤ ነገሩን ስነግረው ሱቁን ዘግቶ መጥቶ ጉልበቷን ሳመ። አሁን ስልኩ አጠገብ ወንበር አድርጎላታል፤ እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ እዚያ ትቀመጣለች። ስልኩ በጮኸ ቁጥር ማንንም ሳታስቀድም አንሥታ «ወዳጆ» ትላለች። የሙሐሲን ደንበኞች ሁሉ ስምህን ለምደውታል።

ጥላው እንዴት ያምራል መሰለህ። ያንተ ካባ እንኳን ለጥላ ለድንኳንም ይበቃል፤ ልብስ ሰፊው በትርፉ ጨርቅ ሌላ ትንሽ ጥላ ጨምሮ ሠራ። የስምህን ፊደሎች ፈትቶ አውጥቷቸዋል፤ የመርፌው ቀዳዳ ግን አልጠፋም፤ ጥላው ተዘርግቶ ብርሃን ሲገባበት ከሥር ይነበባል። እማዬ የፈረንጅ ፊደል አታውቅም፤ ግን የቱ ጋ እንዳለ ታውቃለች።

በኅዳር የመልስ ግጥሚያ እንዳለህ ጋሽ ደቻሳ ነገሩን። እኔ ወንድሜ፣ እውነቱን ልንገርህ፣ ድሮ ቢሆን ፎቶህን ቁርስ ቤቱ በር ላይ ለጥፌ ነበር። አሁን ግን ፈራሁ። በጣም ነው የፈራሁት። የአንተ እጅ ከምንም በላይ ያኮራኛል፤ ግን ደውለህ «ማን ልበል?» የምትለኝን ቀን እንዲያሳየኝ አልፈልግም። እማዬ ያለችኝን ደግሞ ሳልጨምር ሳልቀንስ ልጻፍልህ፦ «አትግጠም አላልኩትም በዪው። ትልቅ ሰው ነው፣ እንጀራው ነው። ደውሎ የልጅቷን ስም ይንገረኝ፤ ማንንም ሳይጠይቅ፣ ከገዛ ራሱ። ከነገረኝ በሁለት እጄ መርቄ እልከዋለሁ፤ ዳግመኛም አልሳልበትም። ካልመጣለት ግን ኅዳር ሳይደርስ እሱ ይምጣልኝ።»

እማዬ ጉንጭህን አገላብጣ ትስምሃለች፤ ቅንድብህ ላይ ስትደርስ ቀስ ብላ ነው። ባለቤቴ ሔኖክ «ሚኒባሴ ወንበሩ አይችልህም እንጂ ከኤርፖርት እኔ ነኝ የማመጣህ» ብሎሃል። ጋሽ ደቻሳ «ጓንት የሚሰቀለው በጤና ነው በዪልኝ» ብለውኛል፤ አሁንም ቂርቆስ ሰፈር ልጆች ያሠለጥናሉ፣ አንተን የመሰለ ግን አላገኙም። ሙሐሲንና ሚስቱ ሪሐና ከነልጆቻቸው በጣም ሰላም ይሉሃል። የልጄን ስም ብትጠይቃቸው አይነግሩህም፤ ሁሉንም አስምያቸዋለሁ።

ልጄም ትስምሃለች። የፊት ጥርሶቿ ወልቀዋል፤ ያወለቃቸው ማነው ሲሏት «አጎቴ በቡጢ» እያለች ታስቃለች። ትምህርት ቤት በመስከረም ትገባለች። ስሟን በዚህ ወረቀት ላይ የትም እንዳልጻፍኩት ልብ ብለሃል፤ ሆን ብዬ ነው። ከመጣልህ ሮጠህ ደውል፣ እናትህ ወንበሩ ላይ ናት። ካልመጣልህ ግን እንዳታፍር ወንድሜ፤ ማንንም አትጠይቅ፣ ዝም ብለህ ና። በር ላይ ቆማ ራሷ ትነግርሃለች።

እህትህ እጸገነት

ካዛንቺስ፣ አዲስ አበባ
ነሐሴ 17 ቀን 1992 ዓ.ም.